1961 ላይ ሁለት ነጥብ አለኝ፤ የቱን ልሰርዝ?

የሳቢያን_ካርታ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:10)
ሰላም ለድሬ ልጆች፤ ሐረሮችም እንዲሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የካቲት 7 ቀን 2017 ማታ መሬት ስትነቃነቅ ብዙዎቻችሁ ተሰምቷችኋል መቼም። እኔ ቤት መጀመሪያ የጮኸው የግቢው ቆርቆሮ በር ነው። ነፋስ መስሎኝ "ማነው ያልዘጋው" እያልኩ ወጣሁ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩትን ጀሪካኖች አየሁ። አንዱ ክዳን የለውም። ውስጡ ያለው ውሃ ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል። ነፋስ ደግሞ ጀሪካን ውስጥ አይገባም።

ሰኞ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ጠበቁኝ። "ቲቸር፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል?" "አዎ" አልኩ። "መቼ? የት?" ሲሉኝ ምላሴ ተሳሰረ። ስለ ጃፓንና ስለ ቱርክ አውራ ቢሉኝ ክፍለ ጊዜው አይበቃኝም። ስለ ራሳችን ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር አልነበረኝም። አፈርኩ።

ያን ቀን ማታ የአገራችንን የመሬት መንቀጥቀጦች ልመዘግብ ኤክሴል ከፈትኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ መጠን፣ ጉዳት፣ ማን ተናገረ። ያገኘሁትን ሁሉ አስገባሁ፤ ከዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ፣ ከአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ካታሎግ፣ ከድሮ ጋዜጣ ቁራጭ፣ ከሰው አፍም። ኪውጂአይኤስ ወደሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ወስጄ ካርታው ላይ ስረጨው ደስ አለኝ። ነጥቦቹ ስምጥ ሸለቆውን ይዘው እንደ ጉንዳን ተሰልፈዋል።

ችግሩ 1961 ላይ ነው። አንዱ ነጥብ ካራቆሬ ይላል፤ ማጀቴ ከተማ ፈረሰች ይላል። ሌላው ሰርዶ ይላል፣ አፋር ውስጥ፤ መንደሯ ፈረሰች ይላል። ሁለቱም 1961፣ ሁለቱም መጠናቸው ከ6 በላይ፣ ሁለቱም መሬት ሰነጠቁ። አንድ ነገር በሁለት ሰው ተነግሮ ሁለቴ የገባ መሰለኝ። የቱን ልሰርዝ?

ይባስ ብሎ የካራቆሬው ነጥብ አዲስ አበባ፣ ጅማ መንገድ ላይ ሄዶ ተቀምጧል። ምንድነው ያጠፋሁት?

ቡና_በሻይ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:19)
ሁለቱንም ሰርዝና እንተኛበት አቦ።

ሞገድ_ቆጣሪ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:02)
መምህር፣ አንዱንም እንዳይሰርዙ! ሁለቱም እውነት ናቸው። የተጋጩት በቁጥር ብቻ ነው።

የካራቆሬው 1961 በፈረንጅ ነው። በእኛ ግንቦት 21 ቀን 1953 ጀመረ፤ ትልቁ ከጥቂት ቀናት በኋላ መጣ፣ ከዚያም ለሳምንታት መሬቱ አላረፈም። የሰርዶው 1961 ግን በእኛ ነው። መጋቢት 20 ቀን 1961፣ በፈረንጅ ማርች 29 ቀን 1969። በመካከላቸው ስምንት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ነው የቀረው። አንዱን ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ሌላውን ከአማርኛ ጋዜጣ ቀድተው ይሆናል። እኔም መመረቂያ ሥራዬን ስጽፍ እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቻለሁ፤ አማካሪዬ ናቸው ጎትተው ያወጡኝ።

ስለ ቦታው። ካራቆሬ የሚባል አዲስ አበባም አለ። የእርስዎ ግን ከሸዋ ሮቢት ወደ ኮምቦልቻ ሲሄዱ አጣዬን አልፎ ያለው ነው። ኮምፒውተሩ ስሙን ብቻ ሲሰጡት ትልቁን ከተማ ይመርጣል። በእጅዎ ወደ 10.4 ሰሜን፣ 39.9 ምሥራቅ ይውሰዱት።

ይቅርታ፣ አንድ ልጨምር። የየካቲቱን ስንት ሰዓት ብለው አስገቡት?

የሳቢያን_ካርታ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:15)
እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ቁጭ ብዬ ነው የሳቅኩት። ልሰርዝ የነበረው ሰርዶን ነው፤ "ከሰው አፍ የመጣ ስለሆነ አይታመንም" ብዬ።

የየካቲቱን ከምሽቱ 2:28 ነው ያልኩት። ካታሎጉ 20:28 ይላላ።

ሞገድ_ቆጣሪ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:21)
ጠርጥሬ ነበር። ካታሎጉ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ግሪንዊች እንደሚሉት። የእኛን ለማግኘት መጀመሪያ 3 ይደምሩ፣ 23:28 ይሆናል። ከዚያ ወደ ሀበሻ ሰዓት ሲመልሱት ከምሽቱ 5:28። ጀሪካኑን ያዩት በ5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር አይደል?

የሳቢያን_ካርታ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:24)
ልተኛ ስል ነበር። ልክ ነሽ።

ሞገድ_ቆጣሪ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:30)
ሌላ ወጥመድም አለ። በዓለም አቀፉ ሰዓት ከ21:00 በኋላ የሆነ ሁሉ በእኛ አገር ፈረንጆቹ እንደሚቆጥሩት ማግስቱ ነው። ስለዚህ ቀኑም ሊዛነፍ ይችላል። ለእያንዳንዱ መስመር ሁለት የቀን ዓምድ ያድርጉ፤ አንድ በእኛ፣ አንድ በፈረንጅ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ከፈረንጁ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው የሚቀነሰው፤ ብዙ ሰው 8 ብቻ ቀንሶ የጥቅምቱን ያበላሸዋል።

የኤንትሬው_ልጅ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2:45)
ጤና ይስጥልኝ። እኔ አይደለሁም የምጽፈው፣ አባቴ ናቸው የሚሉት፤ እኔ እጃቸው ነኝ። ዕድሜያቸውን በፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና አሰብ መንገድ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ትናንት ይህን ሳነብላቸው "ሰርዶን ሊሰርዝ? ማነው እሱ?" ብለው ተቆጡ። አስረድቼ አበረድኳቸው።

የሚሉት ይሄ ነው። ሰርዶ ሲፈርስ ረዳት ነበሩ። እሳቸው ቦታው ላይ አልነበሩም፤ ከሳምንታት በኋላ ነው ያለፉት። የቆመ ግድግዳ እንዳላዩ፣ ድንጋዩ ክምር ክምር ሆኖ እንደነበር ነው የሚያስታውሱት። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ምንም ሳይናገር ተመልሶ ገባ። ከዚያ እስከ ዲቾቶ ድረስ ቃል አልወጣውም ይላሉ።

ሌላም አላቸው። በ1981 ነሐሴ ላይ ደግሞ ራሳቸው ሹፌር ሆነው መንገዱ ተዘጋ። ዶቢ ላይ ድልድዮቹ ወድቀው። መኪናው እስከ ዓይን መድረሻ ተሰልፎ፣ ሰው ከጎማ ሥር ጥላ እየፈለገ ሲተኛ፣ መሬቱ እንደገና ይነቀነቃል። "ከመኪና ሥር የተኛን ሰው ጎማው ወደ ፊት አንድ ስንዝር ሄዶ መልሶ ሲመጣ ምን እንደሚሰማው ጠይቀው" ይሉሃል። ዶቢ ካርታህ ላይ አለ ወይ?

የሳቢያን_ካርታ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4:30)
አለ፣ አባባ! ይቅርታ ይበሉልኝ። ነሐሴ 14 ቀን 1981፣ ኦገስት 20 ቀን 1989፣ መጠኑ ከ6 በላይ። ጉዳት በሚለው ዓምድ ግን "የለም" ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ሰው የማይኖርበት ሜዳ ነው ብዬ። አሁን "የአሰብ መንገድ ድልድዮች ወደቁ" ብዬ አርሜዋለሁ።

ጁገል_ልጅ (ረቡዕ፣ ቀን 7:05)
ከሐረር ነኝ። እናንተ በሁለት ካላንደር ታማርራላችሁ፣ እኛ በሦስት ነው የምንኖረው ወላሂ።

ቤታችን ከአያቴ አባት የመጣ መጽሐፍ አለ፣ የቆዳ ሽፋኑ ሐረር የተጠረዘ። መጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ በዐረብኛ የተጫረ ነገር አለ። አያቴ ሁሌ "መሬት የተንቀጠቀጠች ጊዜ የተጻፈ ነው" ትለናለች። ዓመቱ ብቻ ይነበበኛል፣ 1324 ይላል፣ በሂጅራ። ሌላውን ማንበብ አልችልም፤ እጁ እንደ ዶክተር ጽሕፈት ነው።

አያቴ የመሬት መንቀጥቀጥን ስታስረዳን ደግሞ፣ ምድር በበሬ ቀንድ ላይ ናት፣ ሲደክመው ወደ ሌላኛው ቀንድ ያዛውራታል ትላለች። የካቲት ላይ ግድግዳው ላይ የሰቀለቻቸው ሳህኖች እርስ በርሳቸው ሲነካኩ ነደባው (የሐረር ቤት መደብ) ላይ ተጋድማ ነበር። ሳትነሳ "ደከመው" አለች። በቃ።

1324 ለካርታው ይጠቅማል?

ሞገድ_ቆጣሪ (ረቡዕ፣ ቀን 8:40)
ኧረ በጣም ይጠቅማል! 1324 ሂጅራ የጀመረው በየካቲት 1898 ነው፤ በፈረንጅ 1906። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ደግሞ በዚህ አገር በመሣሪያ ከተለኩት ትልልቆቹ አንዱ የሆነበት ቀን ነው። ላንጋኖ አካባቢ፣ መጠኑ ከ6 ተኩል የሚበልጥ። አዲስ አበባን ክፉኛ አስደንግጧል። ያኔ እኛ አገር መሣሪያ አልነበረም፤ የመዘገቡት ውጭ ያሉ ጣቢያዎች ናቸው። ሂሳቡን ሠርቼ አየሁት፣ ረጀብ 1324 ላይ ይውላል።

ሐረር ላይ በዚያ ጊዜ የተጻፈ ነገር ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። አንብብልን!

ጁገል_ልጅ (ረቡዕ፣ ቀን 8:52)
እንዳልኩሽ አላነበውም። ዐረብኛ ከሚያውቅ ጎረቤት ጋር ጁምዓ አየዋለሁ። ግን 1898 ስትይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ራስ መኮንን ቁልቢ ላይ ያረፉት በዚያው ዓመት መጋቢት ነው። እኛ ጋ ሽማግሌዎች ዓመት በቁጥር አይናገሩም፤ "መኮንን በሞቱበት" ነው የሚሉት። ምናልባት እንዲህ የሚል ወሬ ብትሰሙ ቀኑን ታውቁበታላችሁ።

የሳቢያን_ካርታ (ረቡዕ፣ ቀን 9:10)
እሱን ለብቻ ዓምድ አድርጌዋለሁ። "ሰው እንዴት ያስታውሰዋል" የሚል። ለተማሪዎቼም የቤት ሥራ ሰጥቼበታለሁ፤ አያት ጠይቁ ብዬ።

ደቻቱ_ማዶ (ረቡዕ፣ ማታ 1:20)
ይቅርታ ግን፣ ይሄ ሁሉ ለምንድነው? ካርታ ሠርታችሁ መሬቷን ልታስቆሟት ነው? መተንበይ አይቻልም ትላላችሁ። ያለፈውን መቁጠር ደግሞ ምን ይሠራል? እኔ የቤት ኪራይ ነው የሚያንቀጠቅጠኝ።

ስታፋ_በ10 (ረቡዕ፣ ማታ 2:00)
መሐንዲስ ነኝ፤ እዚሁ ድሬ ነው የምሠራው። ወንድሜ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ስለዚህ በደንብ ልመልስ።

አንድ ሕንጻ ስቀርጽ "እዚህ ቦታ መሬት በምን ያህል ጉልበት ልትነቀንቀው ትችላለች?" የሚል ቁጥር ያስፈልገኛል። ያን ቁጥር የሚሰጠኝ የሕንጻ ደንቡ ነው። በ1995 በፈረንጅ የወጣው ደንብ አገሩን ከ0 እስከ 4 በዞን የከፈለ ካርታ ነበረው። የተሠላው በ100 ዓመት አንዴ ይመጣል ተብሎ በሚጠበቅ መንቀጥቀጥ ነው። በ2015 በፈረንጅ የተተካው ደግሞ በ475 ዓመት አንዴ በሚመጣ ላይ ቆመ፤ ማለትም በ50 ዓመት ውስጥ ከመቶ 10 ዕድል ያለው። ልብ በል፣ 475 ዓመት። እኛ አገር መሣሪያ የተተከለው በእኛ ከ1950 ወዲህ ነው። ቀሪውን 400 ዓመት ከየት ታመጣለህ? ከአባባ ኤንትሬ፣ ከሐረሩ መጽሐፍ፣ ከነገሥታት ዜና መዋዕል፣ ከመንገደኛ ማስታወሻ። ሌላ የለም። የዚህ መምህር ኤክሴል ዞሮ ዞሮ አንተ ቤት ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛ ነገር። ድሬዳዋ የተቀመጠችው የአፋር ዝቅተኛ ቦታና የሐረር ደጋ በሚገናኙበት እግር ላይ ነው። ያ ገደል ዝም ብሎ ገደል አይደለም፣ በስንጥቅ የወረደ ነው። ከተማው ደግሞ ጎርፍ ባመጣው አሸዋና ጠጠር ላይ ነው ያለው፤ መሠረት ያስቆፈረ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ልል አፈር ከአለት በላይ ያወዛውዛል። ዝርዝሩ እንደ ጥልቀቱና እንደ ሕንጻው ቁመት ይለያያል፣ ቢሆንም "እኛ ከአዋሽ ርቀናል" ብሎ መተኛት አያዋጣም።

ደቻቱ_ማዶ (ረቡዕ፣ ማታ 2:14)
ኮለን ውስጥ ይገባል ያልከው ገባኝ። ግን እዚህ ከተማ በደንብ ነው የሚሠራው? ስታፋው (የኮለኑን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) በስንት እንደሚታሰር እኔም አይቻለሁ።

ስታፋ_በ10 (ረቡዕ፣ ማታ 2:31)
ስሜን ለምን እንደዚህ ያወጣሁ መሰለህ?

አንዴ የአንድ ሕንጻ ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ምድር ቤቱ ሱቅ ነው፣ ከላይ መኖሪያ። ሱቅ ስለሆነ ከታች ግድግዳ የለም፣ ኮለን ብቻ። ከላይ ግን ሙሉ ብሎኬት። ከባድ ጭንቅላት በቀጭን እግር ማለት ነው። መሬት ስትነቀንቅ የሚሰበረው እዚያ ታች፣ ኮለኑ ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት ነው። ስለዚህ ፕላኑ ላይ እዚያ ጫፍ አካባቢ ስታፋው በየ10 ሴንቲ ይላል። ሜትር ይዤ ወጣሁ። 25 አገኘሁ። ፌሮ ሠራተኛውን "ምነው?" ስለው "ኢንጂነር፣ እስከ ዛሬ በዚህ ነው የሠራነው፣ አልወደቀም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልወደቀም። አልተፈተነማ።

አስፈታሁት። አሠሪው አኮረፈኝ፣ ቀጣዩን ሥራ ለሌላ ሰጠ። ይሁን።

ቡና_በሻይ (ረቡዕ፣ ማታ 2:40)
እንዲህ ያለ ማኩረፍ ለሁላችን ይድረሰን።

ደቻቱ_ማዶ (ረቡዕ፣ ማታ 3:05)
እሺ፣ ተሸነፍኩ። ስሜን ያያችሁት ነው፣ የደቻቱ ሰው ነኝ። 1998 ክረምት ጎርፉ ሲመጣ ልጅ ነበርኩ። ከ200 ሰው በላይ ነው በአንድ ሌሊት ያጣነው። ሽማግሌዎቹ በኋላ "ይሄ ወንዝ ከዚህ በፊትም እንዲህ አድርጎ ነበር" ሲሉ ትዝ ይለኛል። እናቴ "ታዲያ ለምን ሳትነግሩን?" ብላ ስትጮህባቸውም ትዝ ይለኛል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ገበያ ይቆምበታል። ማን ወንዝ ነው ይለዋል።

ካርታው ላይ የኛ አካባቢ ምን ይላል? ድሬና ሐረር ላይ ስንት ነጥብ አለ?

የሳቢያን_ካርታ (ረቡዕ፣ ማታ 3:40)
ያ ነው እኔንም ያስጨነቀኝ። እኛ አካባቢ ብዙም የለም። በተለይ ከ1950 በፊት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሲታይ ሰላም ያለ ይመስላል።

ሞገድ_ቆጣሪ (ሐሙስ፣ ጠዋት 3:12)
መምህር፣ ስለዚህ ባዶ ቦታ ብዙ ልጽፍ ነው፣ ይቻሉኝ።

ካርታዎን በዘመን ከፋፍለው ይዩት። ከመሣሪያ በፊት ያሉት ነጥቦች የት ነው ያሉት? ጎንደር፣ አንኮበር፣ ምጽዋ፣ አዲስ አበባ። ቤተ መንግሥት፣ ወደብ፣ ሚሲዮን። ጸሐፊ ያለበት ቦታ። አንኮበር በ1842 በፈረንጅ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በመንቀጥቀጥና በመሬት መንሸራተት እንደተጎዳች የምናውቀው መንገደኞች ያኔ እዚያ ስለነበሩና ስለጻፉት ነው። በዚያው ወር አፋር በረሃ ውስጥ ከዚያ የባሰ ሆኖ ቢሆንስ? ግመሎቹ ናቸው የሚያውቁት። የድሮው ካርታችን መሬት የት እንደተንቀጠቀጠች ብቻ አይደለም የሚያሳየው፤ ብዕር የያዘ ሰው የት እንደተቀመጠም ያሳያል።

ከዚያ ወዲህስ? በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዋን ናቸው፤ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን። ጊዜው በ1957 እና 58 በፈረንጅ፣ የዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው። ካራቆሬ ሲሆን ጣቢያው ገና ሕፃን ነበር። ሰውየው መሣሪያ ማንበብ ብቻ አይደለም የሠሩት፤ የድሮ ዜና መዋዕሎችን፣ የመንገደኞችን ማስታወሻ፣ የሚሲዮን ደብዳቤዎችን አንድ በአንድ አሰባስበው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ፣ በ1979 በፈረንጅ። እርስዎ ኤክሴል ላይ የጀመሩትን እሳቸው በካርድ ነው የሠሩት።

እና ጣቢያ በበዛ ቁጥር ትናንሾቹም ይያዛሉ። ስለዚህ ካርታዎ ላይ ከ2000 በኋላ ነጥቡ እንደ ምስር ሲበዛ "መሬቷ ባሰባት" ብለው ለተማሪ እንዳያስተምሩ። ጆሯችን ነው የበዛው። እርግጥ አዋሽ አካባቢ ባሉት እሳተ ገሞራዎች፣ በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ፣ በ2017 እንደሆነው ዓይነት በአንድ ጊዜ የሚንጋጋም አለ፤ ከመሬት በታች ቅልጥ አለት መንገድ ሲፈልግ እንደዚያ ይሆናል። በ1998 መስከረም አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በቀናት ውስጥ ነው የተከፈተው፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፋ። በወትሮው ጊዜ የእኛ ዋናው ስምጥ ሸለቆ (ከአፋር በስተደቡብ ያለው) በዓመት የሚሰፋው 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ነው። የጥፍር ዕድገት እንኳ ይቀድመዋል።

ደቻቱ_ማዶ (ሐሙስ፣ ጠዋት 4:00)
ስለዚህ የኛ ባዶ ቦታ ሰላም ነው ወይስ ጸሐፊ የለም?

ሞገድ_ቆጣሪ (ሐሙስ፣ ጠዋት 4:06)
ሐረር ላይ ጸሐፊ ጠፍቶ አያውቅም፤ የተጻፈው ግን በየቤቱ ነው ያለው። መልሱ ጁምዓ ይምጣ።

ስታፋ_በ10 (ሐሙስ፣ ጠዋት 4:20)
መምህር፣ ነጥቦቹን ሁሉ እኩል መጠን ነው ያደረግካቸው? ምስሉ ላይ እንዳየሁት የ4 እና የ6 መንቀጥቀጥ አንድ ዓይነት ናቸው። በመጠን አንድ ቁጥር ሲጨምር ጉልበቱ ወደ 32 እጥፍ ነው የሚያድገው። ሁለት ቁጥር ከሆነ 1000 እጥፍ። ክቡን እንደ መጠኑ አሳድገው።

የሳቢያን_ካርታ (ሐሙስ፣ ቀን 6:15)
አሳደግኩት። ግን ሌላ ችግር መጣ። የድሮዎቹ ቦታቸው እርግጠኛ አይደለም። "ሸዋ ውስጥ" ብቻ የሚል አለ። እሱን ነጥብ ሳደርገው መርፌ የወጋሁ ያህል እርግጠኛ ይመስላል።

ሞገድ_ቆጣሪ (ሐሙስ፣ ቀን 6:40)
እሱን ነጥብ አያድርጉት። ስስ ክብ ያድርጉት፤ ውስጡ ባዶ፣ ጠርዙ በነጠብጣብ። ክቡ በሰፋ ቁጥር "አላውቅም" ማለት ነው። ለመጠን ሌላ ቀለም። ሁለቱን አንድ ክብ ላይ አያደባልቁ፣ ሰው ሰፊውን ክብ ትልቅ መንቀጥቀጥ ይለዋል።

ከተቻለ ሌላም አለ። መጠኑ አንድ ነው፤ ሰው የተሰማው ግን እንደ ቦታው ይለያያል። ለተሰማው ነገር የመርካሊ መለኪያ አለ፣ ከ1 እስከ 12። የእርስዎ ጀሪካንና የጁገል ልጅ አያት ሳህን 3 ወይም 4 ገደማ ናቸው። ፈንታሌ አጠገብ ያለው ሰው ደግሞ በዚያው ሌሊት ግድግዳው ተሰንጥቆ ከሆነ ያ ሌላ ደረጃ ነው። ተማሪዎችዎን እንዲህ ጠይቋቸው፦ የት ነበርክ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ተኝተህ ነበር ወይ፣ ከተኛህ ነቃህ ወይ፣ ምን ተንቀሳቀሰ፣ ምን ወደቀ። "ፈርተህ ነበር?" ብለው እንዳይጠይቁ ብቻ፤ ሁሉም አልፈራሁም ነው የሚለው።

አወያይ (ሐሙስ፣ ቀን 8:00)
"የኃጢአታችን ብዛት ነው" በሚለው ላይ የተጀመረውን ጭቅጭቅ ወደ ሌላ ክር አዛውሬዋለሁ። እዚህ ካርታውን እናውራ።

የኤንትሬው_ልጅ (ሐሙስ፣ ማታ 1:50)
አባቴ ተመልሰው መጥተዋል። "ስንት ሰዓት ነበር ሰርዶ?" ብለው ጠየቁ። እሳቸው ከሰዎቹ የሰሙት ምሳ ሰዓት አካባቢ ነው። እንጀራ እየቀረበ ሳለ የሚል ወሬ ነበር።

ሞገድ_ቆጣሪ (ሐሙስ፣ ማታ 2:05)
ካታሎጉ በዓለም አቀፉ ሰዓት 9:15 ነው የሚለው። 3 ስንደምር 12:15፣ በእኛ ከቀኑ 6:15። ምሳ ሰዓት! እጅ ይሳሙልኝ። ከ56 ዓመት በኋላ ሹፌርና መሣሪያ ተገናኙ።

የሳቢያን_ካርታ (ሐሙስ፣ ማታ 2:12)
ይሄን "ማን ተናገረ" በሚለው ዓምድ ላይ "መሣሪያ፣ እንዲሁም አባባ" ብዬ አስገብቻለሁ።

ደቻቱ_ማዶ (ሐሙስ፣ ማታ 2:50)
እኔም የምጠይቅ አለኝ። የተከራየሁት ቤት ብሎኬት ነው፣ ሶሌታው ላይ ደግሞ ባለቤቱ የውሃ ታንከር ጭኗል፣ ሁለት ሺህ ሊትር። ምን ልይ?

ስታፋ_በ10 (ሐሙስ፣ ማታ 3:10)
ታንከሩ ሲሞላ ሁለት ቶን ነው። ከታች ኮለን አለው ወይስ ብሎኬቱ ብቻ ነው የተሸከመው? ብሎኬቱ ብቻ ከሆነ ለአከራይህ በጨዋ ደንብ ንገረው፣ መሬት ይውረድ። አልጋህ ግን ከታንከሩ ሥር ካለ፣ እሱን ዛሬ ማታ አዛውር። ቁም ሳጥኑንም በሚስማር ግድግዳ ላይ አስይዘው። ሲነቀነቅ ወደ ደረጃ አትሩጥ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግባ፣ ሲያበቃ ውጣ።

ደቻቱ_ማዶ (ሐሙስ፣ ማታ 3:48)
አልጋውን አዛወርኩ። ሚስቴ ምን ሆንክ አለችኝ። "ፎረም ላይ የተዋወቅሁት ሰው ነው" ብላት ይባሳል ብዬ ዝም አልኩ።

ጁገል_ልጅ (ቅዳሜ፣ ጠዋት 3:30)
ይቅርታ ዘገየሁ። ትናንት ከሶላት በኋላ መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ጎረቤቴ ወሰድኩት። ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸውን ሁለቴ ጠረጉ። ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔ ልቤ ቆሟል፤ "ዘልዘላ" የምትለዋን ቃል ነው የምጠብቀው፣ መንቀጥቀጥ ማለት ነው።

ከዚያ ቀና ብለው "ልጄ፣ ይሄ የማሽላ ዋጋ ነው" አሉኝ። በዚያ ዓመት ማሽላ ተወደደ፣ እገሌ ከእገሌ ይህን ያህል ተበደረ። ዕዳ ነው። የአያቴ አባት ያበደሩትን እንዳይረሱ ነው የጻፉት።

ቤት ገብቼ ለአያቴ ነገርኳት። "ታዲያ ማሽላ ሲወደድ መሬት አትንቀጠቀጥም?" አለችኝ።

የሳቢያን_ካርታ (ቅዳሜ፣ ጠዋት 3:44)
ሐረር ላይ ልተክለው የነበረውን ክብ አነሳሁት። ለምን እንዳነሳሁት ግን ማስታወሻ ትቻለሁ፤ ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ገጽ አግኝቶ እንደገና እንዳይተክለው። ሌላ የድሮ መጽሐፍ ያለው ቤት ካወቅክ ግን ጠቁመኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐረር እወጣለሁ። አያትህን ግን ሳልሳለም አልመለስም።

ቡና_በሻይ (ቅዳሜ፣ ጠዋት 3:50)
ቆይ፣ ማሽላው ስንት ነበር?

ጁገል_ልጅ (ቅዳሜ፣ ጠዋት 3:53)
ቁጥሩን ምስጥ በልቶታል።